የመጀመሪያውን ሰምቼዋለሁ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣ ለሆዴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር፣ የምጽፍልሽ ደህና ስላልሆንኩ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ወሬው ሁሉ ወደ ብርዱና ወደ ዝናቡ ይዞርብኛል።

አባትሽ በእንቅልፉ አለፈ ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ስድስት ወር ያዝኩት፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም።

ምላሱ ከተያዘ በኋላ በማንኪያ የአልጋውን ብረት እየመታ ይጠራኝ እንደነበር ታውቂያለሽ። አንዴ ከመታ ውሃ፣ ሁለቴ ከመታ ገልብጪኝ ነው። በመጀመሪያው ወር ከስፌት መኪናዬ ዘልዬ እየተነሳሁ እሮጥ ነበር። ኋላ ግን ያለ ምክንያት መምታት አመጣ። «ምን ልስጥህ?» ስለው ፊቴን አይቶ ፈገግ ይላል፤ ለካ የሚፈልገው እኔኑ ኖሯል። እኔ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮብኝ «አንተ ሰውዬ፣ ሥራ አስፈታኸኝ እኮ» እለዋለሁ።

እየቆየ ጆሮዬ ለመደው። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ከግድግዳ ማዶ ሲሰማ፣ እኔ እዚሁ ሳሎን ተቀምጬ አልሰማም። ይህን ስነግርሽ ሳቅሽብኝ። «እማዬ፣ አእምሮ እኮ እንደዚህ ነው፤ ድምፁ ሲደጋገምና ጉዳት እንደሌለው ሲያውቅ መስማቱን ይተወዋል። ወደሽ አይደለም» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። አንቺም ጨቅላ ሳለሽ አባትሽ የሚሠራበት ወፍጮ ቤት ነበር የምትተኚው፤ ወፍጮው ሲያጓራ ጭጭ፣ ሲቆም ኡኡ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጫማ ሰፊው በሩን በርግዶ ገባ። «እትዬ፣ ጋሼ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚመቱት?» አለኝ። ተከታትለን መኝታ ቤት ስንገባ አባትሽ ምራቁ ትን ብሎት፣ ፊቱ ጠቁሮ አገኘነው። ማንኪያው እጁ ላይ ነበር። ሰውነቱ ገና አልቀዘቀዘም።

«አልሰሙትም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንቺ ስለ አእምሮ ያስተማርሽኝን አንድ በአንድ ነገርኩት። አመነኝ፤ እንዲያውም አጽናናኝ።

ላንቺ ግን ይህን አልልሽም። የመጀመሪያውን ሰምቼዋለሁ፣ ልጄ። ሁለተኛውንም ሰምቻለሁ። ቀና ብዬ በሩን አየሁና «ይቺን ኮሌታ ልጨርስ» አልኩ። ያልሰማሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ያባትሽ ምርቃት ካንቺ አይለይ። የእኔንም፣ ይህን ካነበብሽ በኋላ የምትፈልጊው ከሆነ፣ ውሰጂው።

እናትሽ