መጀመሪያ የመሙያው ቡሎን ይፈታል

ሐሙስ፣ የካቲት 21 ቀን፣ ከቤት

ለምወድሽና ምክሬን ሰምተሽ ለማታውቂው ልጄ፣

ጤናሽን፣ ሥራሽን፣ የምትተኚበትን ክፍል ብርድ ሳይቀር አስባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ቀኝ እጄ ነው፤ ለዚህም ነው ጽሑፉ የእኔ ያልሆነው። የማን እንደሆነ አውቀሽዋል፣ አትደንግጪ። የሚጽፈው ባልሽ ነው። ጎረቤት ይጻፍልኝ ብል የቤታችንን ጉድ ለሰፈር ማደል ነው፤ ልጅሽ ደግሞ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው። ጻፍ፣ ምን ታየኛለህ። ይኸው፣ "ጻፍ" ያልኩትንም ጻፈው። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያገባሽው።

በስልኬ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። "አባዬ፣ እዚህ ሥራዬን ሊያራዝሙልኝ ነው። ልጄን ወደዚህ ወስጄ እሱን ልተወው? ይረባል አይረባም፣ አብረኸው የምትኖረው አንተ ነህ። ያንተን ቃል ነው የምጠብቀው" ብለሻል። በስልክ ብመልስልሽ ግማሹን ሳትሰሚ ማልቀስ ትጀምሪያለሽ፤ ስለዚህ በወረቀት ይሁን። የመኪናውን ነገር ልንገርሽና ይረባ እንደሆነ አብረን እናያለን።

ዕድሜዬን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ፀጉር አስተካካይ ይዘሽ ስትመጪ "ሰው ጠፍቶ ነው?" ያልኩሽ ያለ ምክንያት አልነበረም። እጁ ከሕፃን እጅ የለሰለሰ ነው። ድምፁም የሰው ጆሮ አጠገብ ሲያወራ ስለሚውል ነው መሰለኝ፣ እራት ላይ እንኳ ከፍ አይልም።

ትተሽልን የሄድሽው መኪና ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ መንገጫገጭ ጀምሮ ነበር። የካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ዘይት አርጅቷል። ጋራዥ ውሰደው አልኩት። "ራሴ እቀይረዋለሁ አባባ፤ ስትመጣ ለስልሶ ይቆያታል" አለኝ። ፀጉር መሰለው።

አንድ እሁድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሥራ ጀመረ። የለበሰው የፀጉር ቤቱን ነጭ ጋውን ነው። ቁልፎቹን፣ ማበጠሪያና መቀስ እንደሚደረድር፣ ፎጣ ላይ በየቁመታቸው ደረደራቸው። ዘይቱ ሞቆ እንዲቀጥን ብሎ መኪናውን ሰፈሩን አዙሮ መለሰው፤ ይህን ከማን እንደሰማ እንጃ። በክሪክ አነሳው፣ በአራቱም ወገን የእንጨት ጉማጅ ደገፈው፣ እንዳያዘነብል ውኃ ልክ አስቀምጦ አየ። እኔ ወንበሬን በረንዳ ላይ አስወጥቼ ተቀመጥኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ልብ በይ። ካምቢዮ ሁለት ቡሎን አለው፤ አንዱ ከሥሩ፣ አሮጌው ዘይት የሚፈስበት፤ ሌላው ከጎኑ ከፍ ብሎ፣ አዲሱ የሚሞላበት። መኪና የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያውን ነው። እሱ እንቢ ካለ ሥራው በዚያው ይቆማል፣ መኪናውም በአሮጌ ዘይቱ ጋራዥ ድረስ ይሄዳል። የማፍሰሻው ቀድሞ ተፈትቶ የመሙያው እንቢ ካለ ግን መኪናው ባዶ ሆዱን ግቢ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ባልሽ የማፍሰሻውን ፈታ። ቁልፉን የትኛው ቡሎን ላይ እንዳሳረፈ ከበረንዳዬ ሆኜ አይቻለሁ። "ተው" ብለው ይበቃ ነበር። ዝም አልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፣ አፍሶ ሲለቅም ማየት አማረኝ። ጥቁሩ ዘይት ሳህኑ ውስጥ ተንዠቀዠቀ። ቡሎኑ ጫፍ ላይ ባለው ማግኔት የተጣበቀውን የብረት ብናኝ በፀጉር ብሩሽ እየጠረገ፣ "አባባ፣ ይመልከቱ፣ የማርሹ ጥርስ ነው የተበላው" ብሎ አሳየኝ። አየሁልህ አልኩት።

ከዚያ ወደ መሙያው ሄደ። ቡሎኑ ዝጎ ከካምቢዮው ጋር አንድ አካል ሆኗል። ገፋው፣ ሳበው፣ ቁልፉን በእግሩ ረገጠው። ጠርዙ ተበልቶ ክብ እስኪሆን ታገለው። ከመኪናው ሥር ሲወጣ ያ ነጭ ጋውን የከሰል ጆንያ መስሏል። "እንቢ አለኝ አባባ" አለ። "እንቢ ይላል እንጂ" አልኩት። ስቄ ስቄ ሳል ያዘኝ፤ ያን ቀን እሱን እያሰብኩ ስስቅ አመሸሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ ስጠጣ ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ብል እጄ አልታዘዝ አለኝ። ልሳደብ አፌን ብከፍት የወጣው ስድብ አልነበረም። ባልሽ ፊቴን አይቶ ደነገጠ፤ ግማሹ ወደ ታች ወርዶ ነበር አሉ። መኪናው ባዶ ሆዱን ቆሟል። እስከ አስፋልቱ ያለውን ዳገት ታውቂዋለሽ፣ ታክሲ እዚህ ድረስ አይወርድም። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በጀርባው አዘለኝ። እኔን፣ የከባድ መኪና ሹፌሩን፣ በፒጃማ፣ እንደ ጡት ልጅ አዘለኝ። ሰፈሩ በር በሩ ላይ ወጥቶ አየን። ጀርባው አጥንት ብቻ ነው፣ ደረቴን ሲወጋኝ ነው የተጓዝኩት። መንገዱን ሙሉ ስሰድበው ነበር፤ አፌ ስለተጣመመ አልገባውም። "አይዞዎት አባባ፣ ደረስን" ይለኛል እያለከለከ። አውርደኝ አልኩት፣ አላወረደኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሐኪሟ "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ" ብላ ቀሪውን ተወችው። እኔም አልጠየቅኳት።

ይህን እስካሁን ያልነገርንሽ በእኔ ምክንያት ነው። እሱ ልንገራት ሲል "ከነገርካት ከቤቴ ትወጣለህ" ብዬዋለሁ። ስትደውዪ ድምፄ ተለውጦብሽ ጉንፋን ነው ያልኩሽም እኔው ነኝ። አሁን ንግግሬ ተመልሷል፣ እግሬም በከዘራ ይንቀሳቀሳል፤ እጄና ዓይኔ ብቻ ናቸው የቀሩት። ባልሽ ያለብሰኛል፣ ያጎርሰኛል፣ በየሁለት ቀኑ ጢሜን ይላጨኛል። ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ሆኖ እሰድበዋለሁ። እጁ ንቅንቅ አይልም። የሚሰማ ሰው ቢሆን ይንቀጠቀጥ ነበር እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በረንዳ ላይ አስቀምጦኝ እንደገና መኪናው ሥር ገባ። ያንን የተበላ ቡሎን በዚያው ቁልፍ ሲታገል ሳየው አላስቻለኝም። "ዙሪያውን በመዶሻ ቀጥቅጠው፤ ከዚያ ከልኩ ጠበብ ያለውን ክብ ቁልፍ እየመታህ አስገባበት" አልኩት። እንዳልኩት አደረገ፣ ቡሎኑ ጮኾ ተፈታ። አዲሱን ዘይት በቀጭን የጎማ ቱቦ ሞላው። በቀዳዳው መንጠባጠብ ሲጀምር በቃው አልኩት፣ ዘጋው። ወጥቶ እጁን እየጠረገ ቆመ።

"አባባ፣ የመሙያው ቀድሞ እንደሚፈታ ያን ቀን ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እሺ" አለ። ሄዶ እጁን ታጠበና ምሳዬን አቀረበልኝ። ሌላ ወንድ ቢሆን ሳህኑን አናቴ ላይ ይደፋው ነበር። ይሄ ኩራት አልፈጠረበትም። ማርሹ አሁን ያለ ድምፅ ይገባል፤ ዘይቱ ነው የሠራው፣ እሱ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። መልእክትሽ የመጣው ማክሰኞ ነው። ከታመምኩ ወዲህ ዓይኔ አንዱን ፊደል ሁለት አድርጎ ያሳየኛል፤ ስልኩን ሰጠሁትና አንብብልኝ አልኩት። ሰላምታሽን አነበበ። ስለ ሥራሽ አነበበ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና "እሱን ልተወው" የሚለውንም፣ "ይረባል አይረባም" የሚለውንም፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፁ እስከ መጨረሻው አነበበልኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ግቢ ወጣ። ቢዘለው ማን ያውቅበት ነበር? እኔ አላይም፣ አንቺ ሩቅ ነሽ። ብልጥ ሰው ቢሆን "ሁላችሁንም ሰላም ብላለች" ብሎ ይዘጋው ነበር። እኔ ብሆን እዘለው ነበር። ይሄኛው መዝለል እንኳ አይችልበትም።

ጻፍ። እጅህን ምን አቆመው።

ቃሌን ካልሽ ቃሌ ይኸው። ብልጥ በየመንገዱ ሞልቷል፣ እኔም አንዱ ነኝ። እንዲህ ያለ ሞኝ ግን ሁለተኛ አታገኚም። ልትደፊው ካሰብሽ በምን እንደምትሞዪው መጀመሪያ እዪ።

ብርዱ አይንካሽ፣ አለቆችሽ ይውደዱሽ፣ የገባሽበት በር ሁሉ የምትወጪበትም ይሁንልሽ። ልጅሽ ጉንጭሽን ሳሙልኝ ብላለች። ባልሽ ጽፎ ሲጨርስ ያነብልኛል፤ ከሰደብኩት ውስጥ አንድም እንደማይጎድል አውቃለሁ። ከዚያ ከክፍሉ አስወጣውና ከታች በግራ እጄ ራሴ አንድ ነገር እጽፋለሁ፣ ፖስታውንም ራሴ አሽጋለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። የጻፍኩትን ባልሽ ማየት የለበትም፣ ይኮራብኛል።

ናፋቂሽ አባትሽ

ሰው ነው።