ስለ ምራቴ ሳሙና ለዋናው መሐንዲስ

ለተከበሩ ኢንጂነር አታናዚዮ ብሬሻኒ
የቤት ውስጥ ቡና ማሽኖች ጥገና ማዕከል ዋና ኃላፊ
ሚላኖ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም የደም ግፊትዎ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በዚህ ጸደይ የላክሁልዎትን አራት ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው ግፊቱ ሳይጨምር ከቀረ ሊመሰገን ይገባዋል። እኔ ካርሚኔ ሎፍሬዶ፣ የናፖሊ ማተርዴይ ሰፈር ነዋሪ፣ አርባ ዓመት በገመድ ባቡር ፍሬን ላይ የሠራሁ ጡረተኛ መካኒክ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ማሽኔም አሁን ደኅና ናት። ደኅና ያልሆነው የእሑድ ምሳችን ነው፤ ልጄ ሚኬሌ፣ ሚስቱ ግሬታና ትንሿ ልጃቸው ኒቬስ ከገበታችን ከቀሩ ሰባት እሑድ ሆኗቸዋል።

የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ለእርስዎ ልኬ ሌላውን በሕንጻችን መግቢያ ከሊፍቱ አጠገብ ለጥፌዋለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እገልጻለሁ። ለጊዜው ቅሬታዎቼን በተለመደው ትሕትናዬ በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ በስልክ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ። በመጋቢት ወር ማሽኗ ቡናውን በጠብታ መስጠት፣ ውሃውንም በእጀታው ዙሪያ ማፍሰስ ስለጀመረች ወደ ማዕከልዎ ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ከተጋበዝኩ በኋላ አንድ እጅግ ጨዋ ሰው «አባት፣ ሶኬቱ ተሰክቷል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ፍሬኑ እምቢ ያለ ባቡር ይዤ ላደርኩት ለእኔ። ቀጥለውም «ታጥቦ ያውቃል?» ሲሉኝ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ መሆኑን አስቀድመው ስላላስጠነቀቁኝ ቅር ብሎኛል።

ሁለተኛ፦ ስለ መመሪያ መጽሐፋችሁ። ማሽኑን ይዞ ገላ መታጠብ ክልክል መሆኑ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ለዚህ ምክር ከልብ አመሰግናለሁ፣ እስከ ዛሬም አክብሬዋለሁ። በማሽኑ ራስ ውስጥ ያለው ወንፊት በየጊዜው ተፈትቶ መታጠብ እንዳለበት ግን የተጻፈው አርባ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝና መመሪያ አላነብም። በቤታችን ምድጃ ላይ የምትጣደውን ሞካ የምንላትን የቡና ማፍያ ሳሙና ነክቷት አያውቅም። እናቴ በውሃ ብቻ አለቅልቃ ነበር የምትደፋት፤ ውስጧ የሚይዘው ጥቁር ነገር ነው ጣዕሙ እየተባልን አድገናል። ይህ ደንብ ፓምፕና ቫልቮላ ላለው ማሽን እንደማይሠራ የነገረኝ ሰው የለም። ቢነግረኝም አልሰማውም ነበር።

ሦስተኛ፦ ስለ መለዋወጫዎቻችሁ። ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎሚኒ ቀየርኩ፣ ማሽኗ እንደነበረች ናት። ፓምፑን ቀየርኩ፣ ጩኸቷ ብቻ አማረ። ቫልቮላውን ቀየርኩ፣ ምንም የለም። በየጊዜው «የላካችሁልኝ ዕቃ ብልሹ ነው» እያልኩ ጻፍኩልዎ። መካኒክ መጀመሪያ ችግሩን ፈልጎ ያገኛል፣ ካቻቪቴ የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህን ለስንቱ ሠራተኛ እኔው ራሴ አስተምሬአለሁ። በራሴ ማሽን ላይ ግን ችግሩን አልፈለግሁም፤ አግኝቼዋለሁ ብዬ ነበርና።

ያገኘሁት ችግር ግሬታ ትባላለች። በሰሜን ተራሮች መካከል ያለችው የትሬንቶ ልጅ ናት፤ ማሽኗንም ከአራት ዓመት በፊት ለጡረታዬ መርጣ የሰጠችኝ እሷው ናት። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ዕቃ ስታጥብ ቡናው የሚሞላበትን ባለ እጀታውን ማጥለያ በሳሙና አሽታ አጠበችው፤ ሰኞ ጠዋት ማሽኗ ያችን ጠብታ እንኳ አልሰጥም አለች። ወደ እናንተ የደወልኩት ከዚያ እሑድ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ መሆኑን መዝገባችሁ ያሳያል፣ ማለትም ማሽኗ ቀድሞውኑ መታመሟን አውቅ ነበር። እያወቅሁ በሚቀጥለው እሑድ ዐሥራ አንድ ሰው በተቀመጠበት ገበታ፣ የግቢው መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ «እናንተ ተራራ ላይ ቡና አታውቁም እንዴ፣ ልጄ? ሁለተኛ እጅሽን እዚህ ማሽን ላይ እንዳታሳርፊ» አልኳት። ወንድሜ ሳቀ። ሳቁ ጣፈጠኝና «ሳሙናሽን ይዘሽ ወደ ትሬንቶሽ» ብዬ ጨመርኩበት። ግሬታ «ይቅርታ አባባ፣ ላግዝ ብዬ ነው» አለችና ተነሥታ የኒቬስን ጫማ አሰረችላት፤ ሦስቱ ሲወጡ ፓስታው ከገበታው ገና አልተነሣም ነበር።

አራተኛው ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ልበለውና፣ ስለ ላካችሁብኝ ቴክኒሻን ነው። በመጨረሻው ደብዳቤዬ ማሽኗን ያበላሸው ሳሙና መሆኑን በማኅተም እንዲያረጋግጡልኝ ጠይቄዎት እንደነበር ያስታውሳሉ፤ ወረቀቱን በገበታ ላይ ላነበው አስቤ ነበር። እርስዎ ግን በደግነትዎ ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሪት ኖርማ ዛምፒኒን ላኩልኝ። ወይዘሪቷ ምንም ሳይናገሩ የማሽኗን ራስ ፈቱ፣ ወንፊቱን አወጡ፣ በስኒ ማስቀመጫ ላይ ገልብጠው አስቀመጡት። ከጀርባው የአራት ዓመት ቡና እንደ ድስት ጥላሸት ደርቆ ተጋግሯል። ሚስቴ ኢማኮላታ ጎንበስ ብላ አየችና «ካርሚኔ፣ ስታጠጣን የኖርከው ይህንን ነው?» አለችኝ። ከታች ፎቅ ቡና ሊጠጡ የመጡት ወይዘሮ አሱንታ ደግሞ ሊያጽናኑኝ ብለው «እኔስ ቅር እንዳይልህ ብዬ ነበር የምጠጣው» አሉ። ወይዘሪቷ ወንፊቱን አጥበው ሲመልሱት ቡናው እንደ ድሮው ወረደ፤ ሥራው በጠቅላላው ዐሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ።

ከዚያ የጥገና ሪፖርታችሁ መጣ። ስለ አጭርነቱ ላመሰግንዎ እወዳለሁ፤ ረዘም ያለ ቢሆን ኖሮ ምናልባት የምደበቅበት ቦታ አገኝ ነበር። «የሳሙና ቅሪት አልተገኘም» ይላል። «የተቀየሩት ዕቃዎች ጤነኞች ነበሩ። ማሽኑ ከተገዛ ጀምሮ አልተጸዳም፤ ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ባለ እጀታው ማጥለያ ብቻ ነው።» ያ ማጥለያ ግሬታ ያጠበችው ነው።

አፍሬአለሁ፣ ክቡር ሆይ። ሙያዬ ብቻ ቢዋረድ ኖሮ ችዬው እኖር ነበር፤ ሽማግሌ መካኒክ ተሳሳተ ተብሎ በካርታ ጨዋታ ላይ ሁለት ሳምንት ይሳቅብኝና ያልፋል። የማልችለው የዚያችን ልጅ ፊት ነው። ያገዘችኝን ሰው አባረርኩ፣ አባርሬም ሳበቃ በማኅተም እንድትረዱኝ ለመንኋችሁ። ደብዳቤውን በሊፍቱ አጠገብ የለጠፍኩትም ስለዚህ ነው፤ በዚያ እሑድ ድምፄን አራት ፎቅ ሰምቶታል፣ ስለዚህ አራቱም ፎቅ ማን እንዳጠፋ ያንብብ። የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ሁለት ጊዜ እንደሚያነቡት ከአሁኑ አውቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ምራቴ ንጹሕ መሆኗን የሚገልጽ ሌላ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዲጽፉልኝ ልጠይቅዎ ነበር። ኢማኮላታ «ማኅተሙ ነው ይቅርታ የሚልልህ?» ብላ ስለጠየቀችኝ ጥያቄዬን ትቻለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎም በዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ አይደክምም።

በሙዚቃችሁ ርዝመት፣ በመጽሐፋችሁ ውፍረትና በቴክኒሻናችሁ ዝምታ እጅግ የተማርኩ፣ ሦስት ጤነኛ ዕቃዎችን ያለ ጥፋታቸው ከሥራ ያሰናበትኩ፣ የእርስዎ ትሑት ደንበኛ

ካርሚኔ ሎፍሬዶ
ማተርዴይ፣ ናፖሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ አንድ ቅሬታ ዘንግቻለሁ። ያ ጎሚኒ ከሚላኖ ናፖሊ ለመድረስ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ስለፈጀበት፣ በቀንድ አውጣ ተጭኖ መጣ ወይ እስከማለት ድረስ መሥሪያ ቤትዎን በስልክ ሰድቤአለሁ። ልጄና ግሬታ የሚኖሩት እዚሁ ናፖሊ፣ ቮሜሮ ሰፈር ነው፤ ከቤቴ በምድር ውስጥ ባቡር ሦስት ፌርማታ፣ ደረጃውን ጨምሮ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ። እኔ ሰባት ሳምንት ሆኖኛል፣ ገና አልደረስኩም።