ሎሚው ሥር የተውከው ንዴት

ተስፍሽ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ድሮም ያንተ ነበር። ስለዚህ ላወራህ ቁጭ አልኩ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣሪያው አንተ በለጠፍክበት በኩል አያፈስም፣ በሌላው በኩል ግን ያፈሳል። ልጅህ ሰናይት አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት በልጣኛለች። ስትናደድ እንዳንተ ዝም ነው የምትለው፣ እሱ ደግሞ እኔን ያናድደኛል። ሾላ ገበያ ሽምብራ የምትሸጥልን ሴትዮ እስካሁን ስላንተ ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ ስትጠይቀኝ ሞቷል ማለት አቅቶኝ ደህና ነው አልኳት፤ አሁን እንዴት ልመልሰው? ይኸው በሾላ በኩል በሕይወት አለህ።

ሽምብራውን ዛሬም የምገዛው ለቆሎ ነው፣ ቆሎውም ለፖከር። ከፈረንጅ መካኒኮች ተምረህ ያመጣህብን ያ ጨዋታ! አንተ፣ እኔ፣ የሥራ ጓደኛህ ታደሰና መምህር ወርቁ፣ ቁማር ተብለን ቀበሌ እንዳንጠራ በሽምብራ ቆሎ እንጫወት ነበር፤ ያሸነፈ ይበላል። ስሸነፍ መቼም ታውቀኛለህ። በመጥፎ ካርታ መሸነፉስ ይሁን፤ ጥሩ ካርታ ይዤ፣ ሁሉን በደንብ ተጫውቼ፣ አንዱ በመጨረሻዋ ካርታ በዕድል ብቻ ሲበላኝ ዓይኔ ደም ይለብሳል። ከዚያ ያንን ካላስመለስኩ ሞቼ እገኛለሁ እልና የሚቀጥለውን ዙር በማይረባ ካርታ እገባበታለሁ። የሚቀጥለውንም እንደዚያው። ሳህኔ ባዶ ሲሆን ነው የምነቃው።

አንተ ግን! ያቺን ቅዳሜ አልረሳትም። ሦስት ንጉሥ ይዘሃል። ታደሰ አራት የልብ ካርታ ይዞ አምስተኛዋን ሊጠብቅ አንዲት ካርታ ቀየረና መጣችለት፤ አምስት ልብ ሦስት ንጉሥን ይበልጣልና ንጉሦችህ ተበሉ። ጠረጴዛውን በጥፊ መትቶ፣ «ንጉሥ ከወረደ ስንት ዓመቱ፣ አንተ ዛሬም በንጉሥ ትመካለህ?» ሲልህ፣ ሁላችንም ሳቃችንን አፍነን ወደ መስኮቱ አየን፤ ማን እንደሚሰማ አይታወቅማ። አንተ ካርታህን አስተካክለህ አስቀመጥክ፣ «ጥሩ ተጫውተሃል» አልከው፣ ጣሳ ሙሉ ውሃ ቀዳህና ሎሚውን ላጠጣ ብለህ ወደ ጓሮ ወጣህ። ስትመለስ ፊትህን ታጥበህ፣ ፈገግ ብለህ፣ ምንም እንዳልደረሰበት ሰው ቀጠልክ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነበርክ። እኔ ስንጨረጨር ደግሞ፣ «ሚጥሚጣዬ፣ ካርታው እኮ አንቺን አያውቅሽም። ያ ዙር በደለሽ እንበል፤ ሌላው ዙር ምን አደረገሽ?» ትለኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ? ትዕግሥትህ ያስቀናኝም ያበሽቀኝም ነበር።

ከዚያ ያንተው ነገር መጣ፤ ታመህ ሆስፒታል ተኛህ። ዓርብ ዕለት ሐኪሙ፣ ሰኞ ወደ ቤት ትወስጂዋለሽ አለኝ። አንሶላ አጥቤ አልጋህን አነጠፍኩ። እሑድ ሞትክ። መድኃኒቱን በሰዓቱ፣ ጸበሉን በጠዋቱ፣ ምንም ሳናጓድል፣ በመጨረሻዋ ካርታ ተበላን። እኔም እንደ ልማዴ ሆንኩ። ሐኪሙን ሰደብኩ። ወንድምህን ከለቅሶ ቤት አስወጣሁት። ታደሰን ዓይንህን አልይ አልኩት፤ ምን አደረገኝ? ምንም። ካርታውን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበትና ያገኘሁት ሰው ላይ ሁሉ ስጮህ ከረምኩ። ሰናይትን እንኳ አልማርኳትም፣ ይኸው እሱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፣ የቤት ማኅበሩን። አንተ በተመዘገብክበት እኔን ተኩኝ፣ ገርጂ ያለው ቦታም ተፈቀደ። ግን ለሁሉም አልበቃም፤ ለመጀመሪያው ዙር ዕጣ ይውጣ ተባለ። ከዚህ ከሚያፈስ የቀበሌ ቤት አውጥተህ ልታገባን ስትመኘው የነበረው ቤት እኮ ነው፣ ተስፍሽ። ማኅበርተኛው ለቤቶቹ ድንጋይ በሚያግዝበት እሑድ ሁሉ አንድም ቀን አልቀረሁም።

የዕጣው ወረቀት ተጠቅልሎ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ሁለት ሰው ቀርተናል፣ ሁለት ወረቀት ቀርቷል፤ አንዱ ቦታ፣ አንዱ ባዶ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ አንዲት ጠጠር ሲያነሳ አይቼው አላውቅም። እጄን ሰደድኩ፣ አወጣሁ፣ ፈታሁ። ባዶ!

ቀደም ብሎ ባዶ የደረሳት አንዲት ሴት ወረቀቷን ቀዳ የማኅበሩ ጸሐፊ ፊት በትና፣ ሰርዙኝ ብላ ነበር፤ እዚያው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዟት። እኔም ወረቀቱን ልቀድደው በሁለት እጄ ያዝኩት። ምላሴ ላይ የመጣውን ብናገረው ደግሞ እንኳን ቤቱ እኔም አልተርፍ፤ ዘመኑን ታውቀዋለህ። ያኔ ነው ድምፅህ የመጣልኝ፤ ሌላው ዙር ምን አደረገሽ? ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለደረሳቸው ሲጨበጨብ አጨበጨብኩ። ሁለተኛውን ዙር የምትጠብቁ ፈርሙ ሲባል ፈረምኩ። ፊርማዬ ዶሮ የጫረው ይመስላል፣ ግን አለ።

ከአዳራሹ ሃያ ሁለትን አቋርጬ ቤት እስክደርስ ማንንም ሰላም አላልኩም። ጣሳውን ሞልቼ ወደ ሎሚው ሄድኩ፤ እንዳንተ ዝም ብዬ ላጠጣ ነበር ሐሳቤ። የት ተችሎ! ሰውዬውን፣ ጸሐፊውን፣ ዕጣ የሚባል ነገር የፈለሰፈውን ሁሉ እስከ ሰባት ቤቱ ሰደብኩት። ከአጥሩ ማዶ ሳቅ ሰማሁ። ጎረቤታችን እትዬ ብርሃኔ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ማለት ይኼ ነው! እሱም እኮ እዚህችው ቆሞ ነበር የሚሳደበው» አይሉኝም? እንደነገሩኝ፣ ታደሰን ስንት ጊዜ ከነዘር ማንዘሩ ሞልጨኸዋል። አንድ ቀንማ ሦስት ንጉሦችን አንድ በአንድ ስትረግም ሰምተው አማትበዋል። ደግሞ «ለሚስቴ እንዳይነግሩብኝ» ብለህ አስምለሃቸዋል።

ተስፍሽ! ለካስ አንተም! ጣሳውን ይዤ ሳቅኩ፣ ስስቅ ደግሞ ልቅሶው መጣ፣ እትዬ ብርሃኔም አብረውኝ አለቀሱ። እኔ የማይናደድ ሰው አግብቼ ራሴን ስንቅ ኖርኩ። አንተ ለካ ንዴትህን ሎሚው ሥር ደፍተህ፣ ፊትህን ታጥበህ ነበር የምትገባው። ያን ያህል እኔንም አያቅተኝም እኮ፤ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ትዕግሥት መራራ ናት ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው ይላሉ፤ የኛው ትዕግሥት ፍሬውም ሎሚ ሆኖ ቀረ።

በማግሥቱ ታደሰ ቤት ሄጄ ይቅር በለኝ አልኩት፣ ከዚያ ወንድምህ ጋ። ሣጥኑን ከፈትኩ። ቅዳሜያችን ተመልሷል፤ ወንበርህ ላይ ሰናይት ትቀመጣለች። ዛሬ ጥሩ ካርታ ይዛ ታደሰ በላት። ተነሳችና ጣሳውን ይዛ ወጣች። ጆሮዬን መስኮቱ ላይ ጣል አደረግኩ፤ የሰማሁትን አልጽፈውም፣ አባቷ ነህና ታፍራለች።

ነገ ሁለተኛው ዙር ይወጣል። ከሎሚው ፍሬ በቆርቆሮ ያፈላሁት ችግኝ አለ፤ ከደረሰኝ ገርጂ መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው። ካልደረሰኝ ወረቀቱን አጥፌ ለሦስተኛው እፈርማለሁ፣ ለአራተኛውም። ቤቱን ሳላገኝ አልሞትም። አንተንም በሙት ዓመትህ ብቻ የማስብህ እንዳይመስልህ፤ በተሸነፍኩ ቁጥር አብረኸኝ ወደ ጓሮ ትወጣለህ።

ጣሳውን ከዛሬው ሞልቼ ጓሮ በር ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ሚጥሚጣህ