ጋሸና ሳይወርድ ላሊበላ የገባው ጀግና

ሮተርዳም፣ ግንቦት 1971 ዓ.ም.

ወንድሜ ደርበው፣ እንዴት ከርመሃል? መርከባችን እዚህ ወደብ ዕቃ እያራገፈች ነው።

ላሊበላህን ጋዜጣ መሸጫ ውስጥ አገኘኋት! የልጆች የሥዕል መጽሔት ላይ ካባ የደረበ በራሪ ጀግና ቤተ ጊዮርጊስን ከሌቦች ሊያድን መጥቷል። ጉራህን ሳትጀምር ጉዱን ስማ። ሰውየው ቤተ ክርስቲያኑን ብድግ አድርጎ ተሸከመው! ከአለቱ ጋር አንድ መሆኑን ማን ይንገረው? እሱ ከተነሳ ላስታ በሙሉ አብሮ ሊነሳ ነው፣ ጎረቤታችሁ ብልባላም ከነአህዮቿ። ይባስ ብሎ ቀይ ቦቲውን እንዳጠለቀ ዘው ብሎ ገባ። ወላሂ፣ እኔ እስላሙ ተናደድኩልህ። "ጫማህን አውልቅ እንጂ!" ብዬ ስጮህ ሻጯ ሴትዮ ደነገጠች።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን በመገንጠያዋ በጋሸናችን ላይ በሮ ማለፉ ነው። ላሊበላ የሚሄድ ሰው እኛ ጋ ወርዶ መኪና ሳይጠብቅ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ? እዚህማ ትራሙ በየአምስት ደቂቃው ይመጣል፤ ይመቻል፣ ግን ማንም ከማንም ጋር አይተዋወቅም። እኔና አንተ የተዋወቅነው ጋሸና ላይ ግማሽ ቀን መኪና ስንጠብቅ አይደል?

ሴትዮዋ ሥዕሉን እያሳየች "የት ነው?" አለችኝ። አፌ ቀደመኝና "ላሊበላ፣ የተወለድኩበት" አልኳት። አደራ፣ ለጋሸና ሰው እንዳትነግር!

እናትህን እማማ ወለተ ሐናን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እህትህን ሸጌንም ሰላም በልልኝ። ቦታ አለቀብኝ።

ወይ ጉዴ! ለካ ይሄ የምጽፍበት ካርድ ማሸጊያ ፖስታ የለውም። በጋሸና በኩል ነው የሚያልፈው፤ አንተ ጋ ሳይደርስ ጋሸና ሁሉ ሊያነበው ነው።

አብዱልጀባር