ያልተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ፦ የአቶ ክፍሌ መልአኩ የሕይወት ታሪክ

እሑድ ጃንዋሪ 18 ቀን 2009 ከቀኑ በዐሥር ሰዓት፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብነሽ፣ ወዳጃቸውና የእግር ኳስ ቡድናችን የመጀመሪያ አሠልጣኝ አቶ ዓብዱሰመድ፣ እንዲሁም ጸሐፊው የአቶ ክፍሌ የእህት ልጅ ጥበብ በሟች ቤት ባለንበት ይህ የሕይወት ታሪክ ተነበበ። ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቶ ክፍሌ ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ መልአኩ ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቄ በ1951 በጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በተባለው ሰፈር ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1970 በአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ በዕቃ ጫኝነት ተቀጠሩ። ጽሕፈታቸው ንጹሕ ስለነበር ወደ ጭነት መዝጋቢነት ተዛወሩ። በ1979 በማዕከላዊ ገበያ ቅመም ይነግዱ የነበሩትን ወይዘሮ ውብነሽን አግብተው ሰብለወርቅንና ደጀንን ወለዱ።

በ1998 በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ቡድን ሲያቋቁሙ አቶ ክፍሌ ምክትል አሠልጣኝ ሆኑ። አቶ ዓብዱሰመድ እስከ 2001 አሠልጥነው ሁለት ዋንጫ አመጡ። ከእሳቸው የተረከቡት አቶ ክፍሌ ሦስት ዓመት ሠሩ፤ ዋንጫ አላመጡም።

ዓርብ ዓርብ በሻይ ቤት የሚነሣው ክርክር አንድ ነበር፤ ከቡድኑ አሠልጣኞች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? አንዱ ዋንጫ ይቆጥራል። ሌላው በአቶ ክፍሌ ጊዜ ኳሱ እንዴት ያምር እንደነበር ያነሣል። 2003 ላይ ሲደረስ ግን ደጋፊያቸውም ሻዩን ማማሰል ይጀምራል። አቶ ዓብዱሰመድ «ክፍሌ፣ አንተ እኮ ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ሦስት ለዜሮ የተሸነፍክ ብቸኛው ሰው ነህ!» ሲሏቸው ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሳቸውም አብረው ይስቁና «ውጤቱ ተመዝግቧል፤ ምን እላለሁ?» ይላሉ። ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ያልተናገሩትን በወይዘሮ ውብነሽ ፈቃድ እዚህ እንጽፋለን።

በዚያ ዓመት ወረቀት የሌላቸው የውጭ አገር ሰዎች ከተማውን እንዲለቁ ቀን ተቆርጦ ነበር። ከተጫዋቾቻችን ሰባቱ ወረቀት አልነበራቸውም። የፍጻሜው ጨዋታ ለዓርብ ሴፕቴምበር 12 ሲቀጠር፣ አዘጋጆቹ የተጫዋቾችን ስም፣ ፎቶግራፍና አድራሻ ጠየቁ። ሌሎቹ ቡድኖች በአድራሻው ቦታ «ጅቡቲ» ብለው አለፉ። አቶ ክፍሌ ግን እንደ ጭነት መዝገብ አድርገው ሞሉት። ማን በሆዳን ሰፈር በየትኛው ግንባታ፣ በስንተኛው ፎቅ እንደሚያድር፣ የበሩን ቀለም ሳይቀር ጽፈው ማክሰኞ ዕለት አስረከቡ።

ረቡዕ በሥራ ቦታቸው ዝርዝሩ ለፖሊስ ይሰጣል የሚል ወሬ ሰሙ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አይታወቅም። ቤት ሲገቡ «ውብነሽ፣ በገዛ እጄ ጻፍኳቸው» አሉ፤ ደጋግመውም ይህንኑ አሉ። ሐሙስ ጠዋት ወደ አዘጋጆቹ ሄደው «አንድ ስም ተሳስቻለሁ፣ ላርመው» ብለው ወረቀቱን ተቀበሉና አልመለሱም። ቤት ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፉት፤ ቀለሙ እስኪለቅ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ዓርብ ዝርዝር ስላልነበረ ቡድኑ አልተጫወተም፤ ጨዋታው በፎርፌ ሦስት ለዜሮ ለተጋጣሚው ተሰጠ። ደጋፊው በፀሐይ ቆሞ ሰደባቸው። ጨዋታውን ሸጠ ያላቸውም ነበር።

ዝርዝሩ ቀድሞ ታይቶ ይሆናል በሚል ስጋት ሰባቱ ያን ጊዜ በዚህ ቤት ጓዳ ውስጥ ተደብቀው ነበር። ዐሥራ አንድ ቀን ቆዩ። ወይዘሮ ውብነሽ ጎረቤት የምግቡን ብዛት እንዳያይ በትንንሽ ድስት አራት ጊዜ ያበስሉ ነበር። መንገድ ላይ መኪና ሲቆም ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል። አቶ ክፍሌ ቢታወቅባቸው የሥራ መታወቂያቸውንና የቤተሰቡን የመኖሪያ ፈቃድ ያጡ ስለነበር ሁሉንም ዝም እንዲሉ አስማሉ። በ2004 አባላቱ በድምፅ ብልጫ ከአሠልጣኝነት ሲያነሷቸውም የማሉት መሐላውን አላፈረሱም።

ከሰባቱ ሦስቱ ዛሬም ወረቀት የላቸውም። ስማቸው ይጻፍ ወይ ተብለው ሲጠየቁ ወይዘሮ ውብነሽ «አንድም ስም እንዳትጽፍ። ያ ሰው ስም ጽፎ ነው ያን ሁሉ የደነገጠው» ብለዋል።

አቶ ዓብዱሰመድ ይህን ዛሬ ሲነበብ ገና ሰሙ፤ ያሉትም እዚህ ተጨመረ። «ዋንጫው የኔ ነው፤ እሱን አልለቅም። ይኼን ግን እኔ አላደርገውም ነበር። እፈራ ነበር» አሉ። ወይዘሮ ውብነሽም «እሱስ መቼ ሳይፈራ ቀረ፣ ዓብዱሰመድ?» አሏቸው።

አቶ ክፍሌ በስኳር በሽታ ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ቅዳሜ ጃንዋሪ 17 ቀን 2009 በ57 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተዋል። እግዚአብሔር መኪና ሲቆም ልብ በማይደነግጥበት ስፍራ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

ንባቡ እንዳለቀ ወይዘሮ ውብነሽ ከሰባቱ የአንዱም ስም አለመኖሩን በጣታቸው መስመር በመስመር አይተው ወረቀቱን ወደ ማተሚያ ቤት ላኩት።