ያልፈታሁት ማሰሪያ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እማዬስ አልጋዋ ላይ ሆና አሁንም ራዲዮኑን ትቆጣለች? እኔ ትንሽ ከመወፈሬ በቀር ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ፖስታውን ገና ሳትከፍቺ "ደግሞ ምን ጥቅስ ላከች?" እንደምትዪ አውቃለሁ። ብትዪም አልፈርድብሽም።

ሁለት ዓመት ሙሉ የተኳረፍንበትን ነገር እኔው ላንሳው። እማዬ ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረ ጊዜ፣ አንድ ወር መጥቼ እንዳግዝሽ ለመንሽኝ። እኔ መዘምራን አለብኝ፣ የጸሎት ቡድን አለብኝ ብዬ በሚያምር ካርድ ጥቅስ ጽፌ ላክሁልሽ። አንቺም "ጥቅሱ ደርሶኛል፤ ሐሙስ ሐሙስ አንሶላ የሚያጥበው ሰውስ መቼ ይደርሳል?" ብለሽ መለስሽልኝ። ተቀየምኩሽ። እውነትሽን ስለነበረ ይብሱን ተቀየምኩ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። በምሠራበት ችግኝ ጣቢያ የብርቱካን ቀንበጥ ከሎሚ ችግኝ ጋር እናጣብቃለን። ሁለቱን በስለት ልጠን እናገጥማቸውና በላስቲክ ጥብቅ አድርገን እናስራለን፤ ከዚያ ወዲያ መተው ነው። አለቃችንን ኪሳቸው ከላስቲክ ተለይቶ ስለማያውቅ "አባባ ማሰሪያ" እንላቸዋለን። እኔ ግን መተው አልሆነልኝም። ያዘ ወይስ አልያዘም እያልኩ በየማለዳው እየፈታሁ አያለሁ፤ መልሼ አስራለሁ። ሁሉም ደረቁ። ከበርሜሉ ጀርባ የረሳሁት አንዱ ብቻ ቅጠል አወጣ፤ እሱን ፈትቼው አላውቅማ።

አባባ ማሰሪያ የደረቁትን አይተው አልተቆጡኝም። የቀንበጥ ሥራው ተጣብቆ መቆየት ነው፣ የሚመግበው ግንዱ ነው፣ ቅጠሉን የምታወጪው አንቺ መሰለሽ እንዴ ብለው ሳቁብኝ።

እትዬ፣ ስለ ወይን ግንድና ስለ ቅርንጫፉ ስንቴ ቆሜ አስተምሬያለሁ መሰለሽ። ለካ ራሴን በየቀኑ ስፈታ ነው የኖርኩት። ዛሬ ታገስኩ? ዛሬ ሰው ወደድኩ? ደግሞስ ሰው አየልኝ? ከዚያ ቀን ወዲህ ምርመራውን ተውኩት። አፈር እየሞላሁ፣ ውሃ እያጠጣሁ ከጌታዬ ጋር አወራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ዝም ብለን አብረን እንውላለን። ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ባልዲ እያጠብኩ ያ የአንሶላ ነገርሽ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ቂሙን ብፈልገው የለም። መቼ እንደሄደ ጌታ ይወቀው፤ እኔ አላባረርኩትም።

ባልዲውን እንኳ ሳልጨርስ አባባ ማሰሪያ ዘንድ ሄጄ የአንድ ወር ፈቃድ ጠየቅሁ። ለጉባኤ ነው ወይ አሉኝ። ለልብስ አጠባ ነው አልኳቸው። ግራ እንደገባቸው ፈረሙልኝ።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ እማዬን ያቆይልን፤ ቤታችሁን ሳቅ አይለየው።

ታናሽሽ

ሳልረሳው፦ የመጪውን ሐሙስ አንሶላ እንዳትነኪው።