ዋሴና የኮኪት ሰርቨር

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለእትዬ አሰፋች፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን የሚያምሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ስትጎነበሺ ያስቃስትሻል? እማ እንደምን ናት፣ ዓይኗስ? ጋሽ ባየልኝ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደኅና ነኝ፤ ዘንድሮ ወባም አልጣለኝም። ሌላው ግን ደኅና ነው ብዬ አልዋሽሽም። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፄ አልታዘዝ እያለኝ ይህንን ጽፌ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር ለሚወጣ ሾፌር ልሰጠው ነው።

ባለፈው ስትደውዪ «ለመሆኑ እዚያ ቆላ ይዞ ያስቀረህ ሥራ ምንድን ነው?» ብለሽኝ በቅጡ ሳልመልስልሽ መስመሩ ተቋረጠ። ከእሱ ልጀምርልሽ፤ ያለዚያ የሆነው አይገባሽም። እዚህ በአጨዳ ወቅት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ አንድ ቦታ አይረጋም። አብርሃ ጅራ ካላዛር የሚባለው የቆላ በሽታ ተገኝቶበት መርፌ የጀመረ ሰው ትንሽ ቀለል ሲለው ሥራ ፍለጋ ኮኪት ይወርዳል። የኮኪት ነርስ ምን እንደወሰደ፣ ምን እንደቀረው አታውቅም። ስለዚህ እኔና ዋሴ መተማ፣ ኮኪት፣ ሸሕዲና አብርሃ ጅራ ጤና ጣቢያዎች የበሽተኛውን መዝገብ የሚይዝ አንዳንድ ሰርቨር ተክለን አራቱ እንደ አንድ ማሽን ተባብረው እንዲሠሩ አደረግን፤ ክላስተር ይባላል። የአንዱ ቦታ መዝገብ በሌላው ይከፈታል፤ አንዱ ቢጠፋ የቀሩት ሥራውን ይረከባሉ። ዋሴ አብሮኝ የተማረው የኮኪት ገበሬ ልጅ ነው፤ አንድ ጊዜ እኛ ቤት መጥቶ ያደረው።

መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የተላከልን ፕሮግራም አልሆነም። ፕሮግራሙ የሚላከው ለመሥራት የሚያስፈልገውን ይዞ፣ ኢሜጅ በሚባል ጥቅል ታሽጎ ነው። ያ ጥቅል የማይረባ ነገር ሁሉ ታጭቆበት ከብዶ ነበር። በዚህ ኔትወርክ ሲወርድ ይውልና ሊያልቅ ሲል ይቋረጣል። ይባስ ብሎ ከማንጠቀምባቸው ነገሮች በአንዱ ቀዳዳ የኮምፒውተር ሰርጎ ገብ ገብቶ የሸሕዲን መዝገብ ቆለፈብን። ማን ስንተኛ መርፌው ላይ እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። ዋሴ «የማንገባበትን በር ለምን ክፍት እንተዋለን?» አለና ጥቅሉን ከባዶ ጀምረን ሠራነው። ፕሮግራሙንና ያለእሱ የማይንቀሳቀሰውን ብቻ አስቀረን። ሰርጎ ገብ ቢገባ እንኳ የሚያነሣው መሣሪያ አያገኝም። ማንም የፈለገውን እንዳይጭንብን ደግሞ የእኔና የዋሴ ፊርማ የሌለበትን ጥቅል ማሽኖቹ እንዳይቀበሉ አደረግን። የዚያን ዕለት ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ አዲሱ ጥቅል አራቱም ጋ ደረሰ። ዋሴ አጠገባችን ለነበረው ሁሉ ሻይ አዘዘ።

በጥቅምት የኮኪቱ ባትሪ ተበላሸና ዋሴ ሊቀይረው ሄደ። «በዚያው ቤተሰቦቼን አያለሁ» ብሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከተማው ውስጥ ተኩስ ተነሣ። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ ዛሬም በትክክል የሚነግረኝ አላገኘሁም። ጤና ጣቢያው በእሳት ተያያዘ። ነርሷ ጸዳለ በሽተኞቹን በጓሮ አስወጥታ ማሽላ ውስጥ ደበቀቻቸው። ዋሴም አብሯት ወጥቶ ነበር፤ መነሣት ያቃተው አንድ የቀን ሠራተኛ ሊሸከም ተመልሶ ገባ። ሁለቱም አልወጡም።

እኔ መተማ ቢሮ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ የኮኪት ምልክት ቀይ ሲሆን አየሁ። ወዲያው ሦስቱ ሰርቨሮች ሥራውን ተከፋፈሉትና አገልግሎቱ በሙሉ ደኅና ነው የሚል አረንጓዴ መጣ። እንዲህ እንዲሆን አድርገን የሠራነው እኛው ነን። ዋሴ ስልክ አያነሣም። እየደጋገምኩ ስደውል ከአዲስ አበባ አለቃችን በመሐል ደወለና «በርቱ፣ ሰርቨር ወድቆ እንኳ ሥራው አልተቋረጠም» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ እሱ የሚያየው ስክሪኑን ነው። ዘግቼ መልሼ ዋሴ ጋ ደወልኩ።

ለቅሶ ስደርስ አባቱ አቶ አዛናው እጄን ይዘው «የልጄ ሥራ ምን ነበር?» አሉኝ። ለአንቺ የጻፍኩትን ያህል እንኳ ልነግራቸው አልቻልኩም። «ሰው እንዲድን ነበር የሚሠራው» አልኳቸው። «እሱንስ ጸዳለ ነግራናለች» አሉኝ፣ እጄን ሳይለቁ።

በቅርቡ ጥቅላችን ውስጥ ሌላ ቀዳዳ ተገኘ። ሳይውል ሳያድር መደፈን ነበረበት፤ አዲስ ጥቅል ግን ያለ ዋሴ ፊርማ አይጫንም። አለቃዬ «የሟቹን ስም ከፈራሚዎች አውጣና በምንመድበው ሰው ተካው» ብሎ ጻፈልኝ። ልክ ነው። እጄ እምቢ እያለኝ አቆየሁት። ሸሕዲ በበሽተኛ ተሞልቷል፤ መዝገቡ እንደገና ቢቆለፍ የሚጎዳው ሰው ነው። ትናንት ጠዋት ተቀምጬ ሰረዝኩት። ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩት። አዲሱ ጥቅል በሌላ ሰው ፊርማ ሄደ፤ ሦስቱም ተቀበሉት፤ ምንም አልጎደለም። እትዬ፣ የገደለኝ ይኼ ነው። አንድ ነገር እንኳ ቢጎድል ምን ነበረበት።

አሁን ጠዋት ከአልጋ መነሣት ዳገት ሆኖብኛል። ወደ እናንተ ልምጣ እላለሁ፤ መንገዱ አያስተማምንም። ልቅር እላለሁ፤ ለማን ብዬ እንደምቀር አላውቅም። እስቲ አንቺ የምታስቢውን ጻፊልኝ፤ አይዞህ ብቻ ብለሽ እንዳታልፊኝ።

ጋሽ ባየልኝን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ሰርካለምን በትምህርቷ እንድትበረታ፣ ትንሿን ስርጉትን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለእማማ ትርሐስ ሰላምታዬን አድርሺ። ለእማ የዋሴን ነገር አንቺ ንገሪያት፤ ስልክ ስደውል ድምፄን ሰምታ ሳትጠይቀኝ በፊት ብታውቀው ይሻላል።

ወንድምሽ ባንተአምላክ
መተማ ዮሐንስ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.